ትላንት ምን ያዝክ?

እስቲ አንድ ነገር ላጫውታችሁ፤ ጠጋ ጠጋ በሉ። የምነግራችሁ ስለ አንዲት ሳጥን፣ ስለ አንድ ዲግሪና ስለ አንድ ሽማግሌ ነው። ዓመቱን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው፤ ነገሩ የሆነው በእነሱ አገር ነውና። ሰዓቱን ግን በእኛው ነው።

ሳጥኗ የነበረችው ዋሽንግተን ዲሲ መሀል ከተማ፣ ከአንድ ትልቅ የቢሮ ሕንፃ ሥር፣ የፓርኪንጉ መውጫ ላይ ነው። የካሽየር ክፍል ናት። ሁለት ሰው አይተላለፍባትም። አንድ ከፍ ያለ ወንበር፣ አንድ የሒሳብ ማሽን፣ እግር ሥር የምትቀመጥ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ፣ ተንሸራታች መስኮት፤ በቃ። በዚያች ከተማ የኖረ ሐበሻ ያውቃታል፤ ወይ ራሱ ሠርቶባታል፣ ወይ ወንድሙ፣ ወይ የአክስቱ ልጅ። ስንቱ ነርስ፣ ስንቱ መሐንዲስ፣ ስንቱ የሒሳብ ባለሙያ መጽሐፉን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ እንዲህ ባለች ሳጥን ውስጥ እንደተማረ ቆጥሮ የሚጨርሰው የለም። እኔም ከእነዚያ አንዱ ነኝ። የተማርኩት ሳይኮሎጂ ነው፤ በኦንላይን።

ፈረቃዬ ከምሽቱ 5 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ነበር። እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ከምግብ ቤትና ከቲያትር የሚወጡ መኪኖች አሉ። ከዚያ በኋላ የሚሰማው የአየር ማስወጫው ጉምጉምታ ብቻ ነው። ቦታው ከመሬት በታች ሁለተኛ ፎቅ ስለሆነ ኔትወርክ አይደርስም። ስለዚህ ቀን ቤቴ ሆኜ ንባቡንና የመምህሩን ቪዲዮ ላፕቶፔ ላይ አወርዳለሁ፤ ሌሊት ሳጥኗ ውስጥ እከፍተዋለሁ፤ የጻፍኩትን ጠዋት ከምድር ቤት ስወጣ እልካለሁ።

ለምን ሳይኮሎጂ? የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ነው፤ መልሱ ያለው ደሴ ነው። ልጅ ሆኜ ከጎረቤታችን አንድ ልብስ ሰፊ ነበር። አንድ ክረምት ብቻውን ማውራት ጀመረ። ጸበል ወሰዱት፤ ቀለል ብሎት ተመለሰ፤ እንደገና ባሰበት። በመጨረሻ ጓሮ ውስጥ በሰንሰለት ታሰረ። ልብ በሉልኝ፣ ቤተሰቡ ክፉ አልነበረም። ብረቱ ቁርጭምጭሚቱን እንዳይልጠው እናቱ በየቀኑ ጨርቅ ትጠቀልልለት ነበር። እናቴ ምሳ ስትልክለት የማደርሰው እኔ ነኝ። አንድ ቀን ሳህኑን ሳስቀምጥ «የሚሰማኝ ሰው አጣሁ» አለኝ። አሥር ዓመት አልሞላኝም፤ ሮጥኩ። ሩጫዬ ግን እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ወደ ትምህርቱ ልመለስ። በ2014 መማር እንደምችል ሳስብ መጀመሪያ ያገኘኝ ትምህርት ቤት፣ ስሙን የማልጠራው፣ ራሱ ደውሎልኝ ነው። የደወለችው ሴት አንደበቷ ማር ነበር። በሁለት ዓመት ዲግሪ አለችኝ፤ የመመዝገቢያ 400 ዶላር ከፈልኩ። ከከፈልኩ በኋላ ነው አንድ ጓደኛዬ «እውቅና አለው ወይ?» ብሎ የጠየቀኝ። አልነበረውም። እዚያ የምማረውን ክሬዲት ሌላ ዩኒቨርሲቲ አይቀበለውም፤ ብዙ ቀጣሪም አይቀበለውም። የአሜሪካ ትምህርት ሚኒስቴር እውቅና ያላቸውን ተቋማት ዝርዝር ለማንም ክፍት አድርጎ አስቀምጦታል፤ ፈልጎ ለማየት አምስት ደቂቃ አይፈጅም። እኔ ያቺን አምስት ደቂቃ በ400 ዶላር ገዛኋት።

ከዚያ በኋላ ነገሩን ሥርዓት አስያዝኩት። የመጀመሪያ ዲግሪ 120 ክሬዲት ነው፤ አንድ ኮርስ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ክሬዲት ስለሆነ ወደ አርባ ኮርስ ይመጣል። ግማሹን ርካሽ ከሆነው የማኅበረሰብ ኮሌጅ ወሰድኩ፤ ቀሪውን ክሬዲቴን ከተቀበለኝ ዩኒቨርሲቲ። በዲቪ መጥቶ ግሪን ካርድ ያለው ሰው ገቢው ዝቅተኛ ከሆነ ፋፍሳ የሚባለውን ቅጽ ሞልቶ ፔል ግራንት የሚባል የመንግሥት ድጎማ ማግኘት ይችላል፤ ብድር አይደለም፣ አይመለስም። ይህን ሳያውቁ በብድር የተማሩ ወገኖች ስላሉኝ ነው ጮክ ብዬ የምናገረው።

ደግሞ ሥራ እየሠሩ በርቀት መማር ትላንት የመጣ ነገር አይምሰላችሁ። ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ሜሪላንድ ግሎባል ካምፓስ የሚባለው ተቋም በ1947 ቀን ለሚሠሩ አዋቂዎች ተብሎ የተከፈተ ክፍል ነበር፤ በ1949 መምህራኑን ጀርመን ድረስ ልኮ ወታደር አስተምሯል። እንግሊዞቹ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ያሉት በ1971 የመጀመሪያ ተማሪዎቹን ሲቀበል ትምህርቱ በቢቢሲ ቴሌቪዥንና ሬዲዮ ይተላለፍ ነበር። እኛስ ብንሆን፣ ስንት መምህር ገጠር ተመድቦ በኩራዝ ሞጁል እያነበበ በርቀት ትምህርት ዲግሪውን ይዟል! ኩራዙ ሄዶ ላፕቶፕ መጣ እንጂ ብቸኝነቱ ያው ነው።

ብቸኝነቱ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

አንድ ኮርስ ስምንት ሳምንት ነው። በየሳምንቱ ሁለት ምዕራፍ፣ አንድ ጽሑፍ፣ አንድ ፈተና። እሑድ ሌሊት 6 ሰዓት ሊሆን አንድ ደቂቃ ሲቀረው በሩ ይዘጋል። መምህሩ ሌላ ክፍለ ግዛት ነው፤ ድምፁን የማውቀው ከቪዲዮ ነው። አብሮኝ የሚማር ሰው ስሙ እንጂ መልኩ የለም። ጽሑፉም፣ ቪዲዮውም፣ ቤተ መጻሕፍቱም አለ። የጎደለው ጆሮ ነበር። ያነበብኩትን የምነግረው ሰው አልነበረኝም።

የመጀመሪያው ፈተና ውጤት መጣ፤ 62። ምዕራፉን ሦስት ጊዜ አንብቤው ነበር። መጽሐፉን በቢጫ ማድመቂያ ሽንብራ አስመስዬው ነበር። ጠዋት ሊረከቡኝ የመጡት ሽማግሌ ፊቴን አዩና «ምን ሆነሃል ልጄ?» አሉኝ።

ጋሼ ነው የምላቸው። እሳቸውም ስሜን አትጥራ፣ የቀረውን ተናገር ብለውኛል። ስድሳውን ያለፉ፣ አገር ቤት መምህር የነበሩ፣ ዘወትር ከሰዓታቸው ሩብ ሰዓት ቀድመው የሚደርሱ ሰው ናቸው። ውጤቴን ነገርኳቸው።

«ስንት ጊዜ አነበብከው?»

«ሦስት ጊዜ ጋሼ።»

«ለማን አልከው?»

«ምን ማለትዎ ነው?»

«ካነበብከው በኋላ፣ መጽሐፉን ዘግተህ፣ ለማን አልከው?»

«ለማንም።»

«ታዲያ መቼ ተማርከው?»

ጋሼ ከመምህርነቱ በፊት ጎጃም ውስጥ የቆሎ ተማሪ ነበሩ። ደበሎ ለብሰው፣ አኩፋዳ አንግተው፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ ቁራሽ የለመኑ፣ የውሻ ንክሻ ጠባሳ እስከ ዛሬ ባታቸው ላይ ያለ። ያን ቀን ቆመን የነገሩኝ ይህ ነው። የቃል ትምህርት የሚሰጠው ማታ ነው፤ ጨለማ ውስጥ፣ ያለ መጽሐፍ። የኔታ ወይም ከፍ ያለው ተማሪ ጥቂት ቃል ይሰጣል፤ ተማሪው ተቀብሎ ይመልሳል። ሲነጋ እህል ልመና ይወጣል፤ መንገድ ላይ ያንኑ ሲቀጽል ይሄዳል። ሲመለስ ለባልንጀራው ይላል። ማታ ከአዲሱ ቃል በፊት የትላንቱን ይጠየቃል። ካልያዘው አዲስ አይሰጠውም። «መጽሐፍ እኮ ውድ ነው» አሉኝ፤ «ብራና ነው። የእኛ መጽሐፍ ጆሮና አፍ ነበር።»

ከዚያ ወንበሩ ላይ ተቀመጡና አዘዙኝ። «ከነገ ጀምሮ ሩብ ሰዓት ቀድሜ የምመጣው ለአንተ ነው። ትላንት ምን ያዝክ ብዬ እጠይቅሃለሁ። በአማርኛ ነው የምትነግረኝ። በእንግሊዝኛ ከነገርከኝ እንደ በቀቀን ትደግመዋለህ፤ በአማርኛ ከሆነ ግን ሳይገባህ ማለት አትችልም።»

እንዲህ ተጀመረ። ላፕቶፑን እዘጋለሁ፤ መስኮቱ ጋ ቆሜ እናገራለሁ። ነርቭ ሴል እንዴት ለሌላው ነርቭ መልእክት እንደሚያቀብል፣ የፓቭሎቭ ውሾች ምግብ ሳያዩ ምራቃቸው ለምን እንደሚመጣ። ሳልይዘው የቀረሁትን ቦታ ጋሼ ወዲያው ያውቁታል። «እዚህ ጋ ድምፅህ ቀነሰ፤ አልያዝከውም» ይሉኛል፤ ተመልሼ አነበዋለሁ። ሁለተኛው ፈተና 84 መጣ።

አሁን የሚገርመውን ልንገራችሁ። ጥቂት ቆይቶ ስለ ማስታወስ የሚያስተምረው ምዕራፍ ደረሰ። ሄርማን ኤቢንግሃውስ የሚባል ጀርመናዊ ነበር። በዚያው ዘመን፣ በ1879፣ ቩንት የሚባል ሌላ ጀርመናዊ ላይፕዚግ ከተማ ላይ የሳይኮሎጂ ቤተ ሙከራ አቋቁሟል፤ ኤቢንግሃውስ ግን ሙከራውን የሠራው ብቻውን፣ በራሱ ላይ ነው። ትርጉም የሌላቸው ወደ 2,300 የሚጠጉ ቃላት መሰል ድምፆች ፈጠረ፤ ተራ በተራ በቃሉ ያዘ፤ ከዚያ ስንቱ እንደሚረሳ ለካ። መለኪያው ብልህ ነው፦ የረሳሁትን እንደገና ስማር ከመጀመሪያው ድካሜ ስንቱ ይቀርልኛል ብሎ ጠየቀ። በ1885 ያሳተመው ውጤት ይህ ነው፤ ከሃያ ደቂቃ በኋላ የሚቀርለት ድካም 58 ከመቶ ነበር፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ 44፤ ከአንድ ቀን በኋላ 34፤ ከወር በኋላ 21። መርሳት መጀመሪያ ላይ ይሮጣል፣ ኋላ ይዘገያል። ደግሞም በአንድ ቀን 68 ጊዜ የደጋገመው ነገር፣ በሦስት ቀን ከፋፍሎ 38 ጊዜ ከደገመው ጋር እኩል ሆኖ አገኘው።

ቀጥሎ ደግሞ ሮዲገርና ካርፒኪ የሚባሉ ተመራማሪዎች በ2006 ያወጡት ጥናት መጣ። ተማሪዎች አጭር ንባብ ይሰጣቸዋል። ገሚሱ እንደገና ያነበዋል፤ ገሚሱ ወረቀቱን አስቀምጦ የያዘውን ይጽፋል። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት በለጡ፤ 81 ለ75። ከሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ደግመው ያነበቡት 42፣ ከአእምሯቸው አውጥተው የጻፉት 56። ይህን ሳነብ ሌሊቱ 9 ሰዓት ነበር። ከወንበሬ ተነሳሁ። የኔታ ማታ ማታ የሚያደርጉት ይኸው ነው! ከፋፍሎ መስጠት፣ ከአእምሮ አስወጥቶ መጠየቅ።

ጠዋት ለጋሼ ስነግራቸው ሳቁ፤ ደስታ ያለበት ሳቅ። ወዲያው ግን አረሙኝ። «አባቶቻችን አስቀድመው ያውቁት ነበር ብለህ እንዳትጽፍ። አድርገውታል፤ አልቆጠሩትም። ያ ጀርመን ቆጥሮታል። ማድረግና መቁጠር ሁለት ሙያ ናቸው።» እውነታቸውን ነው፤ ብዙ ጊዜ እኛ የቆጠረውን ሰው ምስጋና እንነፍገዋለን። እኔም አንድ ልጨምር፤ በዚያ ሥርዓት አለንጋም ነበር፣ ረሃብም ነበር። መልካሙን ስናነሳ ያንን መርሳት ለጋሼ ባት ጠባሳ ታማኝ አለመሆን ነው።

በሌላ ጠዋት ደግሞ የሳይኮሎጂ ጥናቶች በእነማን ላይ እንደተሠሩ ነገርኳቸው። አርኔት የሚባል ተመራማሪ በ2008 ስድስት ታላላቅ የአሜሪካ መጽሔቶችን መርምሮ ከተጠኑት ሰዎች 96 ከመቶው ከምዕራባውያን አገሮች፣ 68 ከመቶው ከአሜሪካ ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል። ጋሼ የሒሳብ ማሽኑን እየቆለፉ ዝም ብለው አዳመጡና «ታዲያ እኔ የት ነኝ?» አሉኝ። ጥያቄው ሙሉ ዓመት ተከተለኝ።

ከፊል መልስ ያገኘሁት ከሜሪ ኤንስወርዝ ነው። ይህች ሴት በ1954 ካምፓላ አጠገብ ወዳሉ የዩጋንዳ መንደሮች ገባች። ሃያ ስድስት ቤተሰቦችን በየሁለት ሳምንቱ እየጎበኘች፣ በአስተርጓሚ እየጠየቀች፣ ሕፃናቱ ከእናታቸው ጋር ያላቸውን ቁርኝት በዓይኗ አየች። ልጁ እናቱን መነሻም መመለሻም አድርጎ ዳዴ ሲል፣ ራቅ ብሎ ሲያስስ፣ ዞር ብሎ ሲያያት። በኋላ ባልቲሞር መጥታ ሕፃን ከእናቱ ለአፍታ ተለይቶ ስትመለስ እንዴት እንደሚቀበላት የምትመለከትበትን ዝነኛ ሙከራዋን ሠራች። የዓለም የሕፃናት ሳይኮሎጂ ስለ ቁርኝት የሚያስተምረው ትምህርት አንዱ ሥሩ ከዩጋንዳ እናቶች ጉያ ነው። ባልቲሞር ደግሞ ከእኔ ሳጥን የአንድ ሰዓት መንገድ ናት። ይህን የያዝኩበት ጠዋት ጋሼ «በል እነዚያን እናቶች እግዜር ይስጣቸው» ብለው መስኮቱን ሳሙት።

ስታቲስቲክስ አሠቃየኝ፤ አለፍኩት፤ ብዙ አልልም። ከእሱ ጋር አያይዤ የማልረሳው ግን አንድ ፈተና አለ። የኦንላይን ፈተና በካሜራ ይጠበቃል። አንድ የማታውቀው ሰው ከሩቅ ያይሃል፤ ክፍልህን አዙረህ ታሳያለህ፤ ጠረጴዛህ ባዶ፣ በርህ ዝግ መሆን አለበት። የምኖረው ከሦስት ሰው ጋር ነበር፤ በሬ ላይ «ፈተና ላይ ነኝ» ብዬ ለጥፌያለሁ። አርባኛው ደቂቃ ላይ የቤት ጓደኛዬ ወረቀቱን ሳያይ በሩን ከፍቶ «ቡና ደርሷል!» አለኝ። ማያ ገጹ ጥቁር ሆነ። ፈተናው ተሰረዘ። ሁለት ሳምንት ደብዳቤ ጽፌ ነው የተደገመልኝ። ጓደኛዬ ደግሞ ወር ሙሉ ይቅርታ ሲለኝ ኖረ፤ ወንድሜ፣ ያጠፋኸው ነገር የለም፤ ቡና ጠርተህ ጥፋተኛ የምትሆንበት አገር አይደለም ያደግነው።

አሁን ለብዙ ጊዜ ለማንም ያልነገርኩትን ልንገራችሁ።

የማኅበራዊ ሳይኮሎጂ ኮርስ ላይ ሚልግራም የሚባል ተመራማሪ ሙከራ መጣ። በ1961 ኒው ሄቨን ከተማ፣ ዬል ዩኒቨርሲቲ። ተራ ሰዎች በማስታወቂያ ተጠርተው መጡ። ከሁለት ሰው አንዱ «መምህር»፣ አንዱ «ተማሪ» ይሆናል ተባሉ፤ ዕጣው ግን አስቀድሞ የተዘጋጀ ስለነበር በማስታወቂያ ለመጣው ሰው ሁልጊዜ የሚደርሰው መምህርነቱ ነው። ተማሪው በሌላ ክፍል ወንበር ላይ ታስሯል። ሲሳሳት መምህሩ ኤሌክትሪክ ይለቅበታል፤ ከ15 ቮልት ይጀምራል፣ በየ15 እየጨመረ 450 ይደርሳል። ኤሌክትሪኩ የውሸት ነው፤ መምህሩ ግን አያውቅም። ሲያመነታ ጋዋን የለበሰ ሰው ከጎኑ ቆሞ ቀጥል ይለዋል። ከ40 ሰዎች 26ቱ እስከ 450 ቮልት ሄዱ።

ይህን ሁሉ ለጋሼ ነገርኳቸው። ሁልጊዜ የሚያርሙኝ ሰው አላረሙኝም። «መምህሩ ነው የሚጫነው?» ብቻ አሉኝ። አዎ አልኳቸው። ማሽኑን ተረከቡኝና ወደ ሥራቸው ገቡ።

በማግስቱ አልጠየቁኝም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ግማሽ ሰዓት ቀድመው መጡ፤ ሳይቀመጡ ጀመሩ።

«በእኛ 1970 ዓ.ም. ነው። አስተማሪ ከሆንኩ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ከቀበሌ ሁለት ሰዎች መጡ። አንዱ መሣሪያ ይዟል፤ አንዱ ወረቀት። በዚህ ሳምንት ከትምህርት የቀሩትን ንገረን አሉኝ። የስም መጥሪያው መዝገብ እጄ ላይ ነበር። አልመቱኝም። አላስፈራሩኝም። መዝገቡን ሰጠኋቸው። ከቀሩት ሁለቱን ልጆች ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም።»

ዝም አሉ። አንድ መኪና መጣ፤ ከፍሎ ወጣ።

«ጋዋን እንኳ አልለበሱም» አሉ።

ምን ልበል? ሁለት ዓመት ሳይኮሎጂ ተምሬያለሁ። አፌ ላይ የመጣው ብዙ ነበር፤ ዘመኑ ነው፣ ወጣት ነበሩ፣ ምን ማድረግ ይችሉ ነበር። መጽሐፉም ቢሆን ሁኔታ ሰውን እንዴት እንደሚገፋ ምዕራፍ ሙሉ ይናገራል። ግን አንዱም የተጠየቅኩት አልነበረም። ደሴ ላይ ሳህን አስቀምጬ የሮጥኩት ልጅ ትዝ አለኝ። ከሳጥኗ ወጥቼ መሬት ላይ ተቀመጥኩ፤ ጋሼም ወንበሩን ትተው አጠገቤ ተቀመጡ። የልጆቹን ስም ነገሩኝ። አንደኛው ሒሳብ ይወድ እንደነበር ነገሩኝ። ለሚስታቸው እንኳ ተናግረውት አያውቁም ነበር። ያን ቀን ቤቴ የደረስኩት ከቀኑ 5 ሰዓት ነው።

ብዙም ሳይቆዩ ለንስሐ አባታቸው ተናገሩ፤ እኔ ባቀበልኳቸው ስልክ ቁጥርም አማርኛ ተናጋሪ የሆነ ፈቃድ ያለው አማካሪ ዘንድ ሄዱ። ሁለቱም ጠቀማቸው፤ የቱ ይበልጥ እንደጠቀማቸው አልጠየቅኳቸውም። ይህን የምነግራችሁ ለአንድ ነገር ነው። የሳይኮሎጂ የመጀመሪያ ዲግሪ ሰውን ለማከም ፈቃድ አይሰጥም፤ በኦንላይን ይሁን በአካል። በአሜሪካ አማካሪ ለመሆን ሁለተኛ ዲግሪና ከዚያ በኋላ በባለሙያ ቁጥጥር ሥር የሚሠራ ብዙ ሰዓት ይጠይቃል፤ ሳይኮሎጂስት ለመባል ደግሞ በአብዛኛው የዶክትሬት ዲግሪ። ዲግሪውን ይዘው በማግስቱ «የሥነ ልቡና ባለሙያ ነኝ» እያሉ የሰው ቁስል የሚነካኩ ወገኖቻችንን አይቻለሁ፤ ይህ ጥፋት ነው። የእኔ ድርሻ መስማትና ወደሚገባው ሰው መምራት ነበር።

በ2015 ክረምት ደግሞ ትልቅ ዜና ወጥቶ ነበር፤ ወደ ኋላ መለስ አልኩባችሁ፣ ግን መነገር አለበት። ተመራማሪዎች ተባብረው የታተሙ 100 የሳይኮሎጂ ጥናቶችን እንደገና ሲሠሩ፣ በስታቲስቲክስ መስፈርት የመጀመሪያውን ውጤት የደገመው ወደ 36 ከመቶው ብቻ ሆነ። ደነገጥኩ፤ ገንዘቤን በምን ላይ ነው የማጠፋው ብዬ ለጋሼ አማረርኩ። እሳቸው ግን የአንድምታውን ቤት አስታወሱኝ። «አንድም እንዲህ ነው፣ አንድም እንዲህ ነው ሲባል መምህሩ ተሸነፈ አይባልም። ራሱን ደግሞ የሚጠይቅ ትምህርት ጥለኸው አትሂድ» አሉኝ። አልሄድኩም።

የመመረቂያ ጽሑፌን የሠራሁት በቡታጅራ ጥናት ላይ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር በቡታጅራ ወረዳ ቤት ለቤት እየዞሩ ከ68,000 በላይ ሰዎችን ጠይቀው ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ፈለጉ። ከተገኙት አብዛኞቹ ዘመናዊ ሕክምና ጨርሶ አግኝተው አያውቁም ነበር። ለዓመታትም ተከታተሏቸው። አስቡት፤ ከቤት ወደ ቤት፣ ጠያቂ ጆሮ ይዞ። ጋሼ «ታዲያ እኔ የት ነኝ?» ላሉት ጥያቄ የቀረውን መልስ ያገኘሁት እዚህ ነው። የደሴው ልብስ ሰፊ በዚያ ወረዳ ቢኖር ኖሮ አንድ ሰው በሩን አንኳኩቶ ይጠይቀው ነበር።

በ2020 ግንቦት ተመረቅኩ። ኮሮና ስለነበር ምረቃውም በማያ ገጽ ሆነ፤ ስሜ ለሦስት ሴኮንድ ታየ። ጋሼ በስልክ እልል አሉ፤ ወንድ ልጅ እልል አይልም የሚላቸውን አልሰሙትም። ከተማው ስለተዘጋ ፓርኪንጉ ባዶ ነበር። በኋላ ሳጥኗን አነሷት፤ ዛሬ በቦታዋ ካርድ የሚቀበል ማሽን ቆሟል። ጋሼ ጡረታ ወጡ። እኔ ቤት ለሌላቸው ሰዎች መኖሪያ በሚያፈላልግ ድርጅት ውስጥ ኬዝ ማናጀር ነኝ፤ ለአማካሪነት የሚያበቃኝን ሁለተኛ ዲግሪዬንም ጀምሬያለሁ። እሱም በኦንላይን ነው። ጠዋት ጠዋት ለ1 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲል ለጋሼ እደውላለሁ።

እናንተም እቤታችሁ ሌሊት ላፕቶፕ ፊት ብቻውን የሚማር ልጅ፣ ወንድም ወይም ሚስት ካለች፣ ትምህርቱን ባታውቁት ምንም አይደለም። ጠዋት አሥር ደቂቃ ቁጭ በሉለት፣ ቁጭ በሉላት። ላፕቶፑን አስዘጉና «ትላንት ምን ያዝክ? ምን ያዝሽ?» ብላችሁ ጠይቁ። በአማርኛ ይንገሯችሁ።